ስለ ዱር እንስሳትና ዕፅዋት ጥበቃ ሕግ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የጥበቃ ሕግ ከውጭ የመጣ ነው፤ ባላገሩ አያውቀውም።»

ይህን የሚል ሰው የመንዝን ጓሳ ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ። በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚገኘውን ይህን መሬት አስቦና ጌራ የተባሉ የቀደሙ አባቶች ተወላጆች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል። የጥበቃ አለቃቸውን ራሳቸው እየመረጡ፣ ሣሩ እንዳይታጨድና ከብት እንዳይገባበት ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። የሚጠብቁትም ስለሚያስፈልጋቸው ነው፤ የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በክረምት የሚለብሰው ጌሳም ከእርሱ ይሠራል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሥርዓት ሲቀር ይህ ጥበቃም አብሮ ላላ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ላይ ኅብረተሰቡ መተዳደሪያ ደንቡን እንደገና አቁሞ በክልሉ መንግሥት ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩት ለቤት ክዳን ተብሎ በተጠበቀው በዚያው ሣር ውስጥ ነው።

«ብርቅዬ እንስሳ የሚጠፋው በአዳኝ ነው፤ ሕጉ ጠመንጃ የያዘውን ከከለከለ ይበቃል።»

ቀይ ቀበሮን ለሥጋው ወይም ለቆዳው ብሎ የሚያድን ሰው እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 የሚጠጉ ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ይገኛሉ። አንደኛው ምክንያት እርሻና ግጦሽ ወደ መኖሪያቸው እየገፋ መሄዱ ነው፤ ሌላው፣ ፈጥኖ የሚገድላቸው ደግሞ ከመንደር ውሾች የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀይ ቀበሮዎች አይጥና ፍልፈል ሲያድኑ የሚውሉት ለየብቻቸው ነው፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ግን የአንድ መንጋ አባላት ተሰባስበው እየተሻሹና እየተላላሱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንዱ ከታመመ በዚያው ሰላምታ በሽታው ለሁሉም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዌብ ሸለቆ ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ፣ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ስለዚህ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾችን ማስከተብ ከአደን ክልከላው እኩል የጥበቃው አካል ሆኖ ሊታይ ይገባዋል።

«ሕጉ ለእንስሳት እንጂ ለዕፅዋት አይደለም።»

ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ሳይተስ የሚባለው፣ ከ40,000 በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ዕፅዋት ናቸው። በሀገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን በስም ጠቅሶ ከልክሎ ነበር። በሳይተስ ከተካተቱት ዕፅዋት አንዱ ጥቁር እንጨት ነው፤ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚውል ውጭ አገር ይፈለጋል፣ ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ግን ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል። ከአሎቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎች በሙሉም በስምምነቱ ውስጥ ናቸው። ከሀገር ቤት ችግኝ በሻንጣ ይዞ መውጣት የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው።

«በስምምነቱ ዝርዝር የገባ ነገር ሁሉ መሸጥ ፈጽሞ ክልክል ነው።»

አይደለም። ዝርዝሩ በሦስት አባሪዎች የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው አባሪ ያሉትን ለንግድ ማዋል በጥቅሉ የተከለከለ ሲሆን፣ ጥቁር እንጨትና አብዛኞቹ የእሬት ዝርያዎች የሚገኙበት ሁለተኛው አባሪ ግን ንግዱን በፈቃድ ያስተናግዳል።

«የተያዘ የዝሆን ጥርስ ማቃጠል ሀብት ማባከን ነው፤ ተሽጦ ለፓርኮች ገቢ ይሁን።»

ኢትዮጵያ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ስታቃጥል ይህ ጥያቄ ከብዙ ቅን ሰዎች የሚነሣ ነው፤ መልስም ይገባዋል። የዝሆን ጥርስ አንዴ ተቀርጾ መቁጠሪያ ወይም አምባር ከሆነ በኋላ፣ በሕጋዊ መንገድ የተሸጠው ከትናንቱ ግድያ ከመጣው በዓይን አይለይም። ሕጋዊ ገበያ ባለበት ሁሉ ሕገ ወጡ ከሕጋዊው ጋር ተቀላቅሎ ያልፋል፤ በመጋዘን የተከማቸውም ለሌባና ለሙሰኛ የተጋለጠ ነው። ገበያው አዳኝን በጋበዘ ቁጥር ደግሞ የሚከፍለው ዝሆኑ ነው፤ ጥርሱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በራስ ቅሉ ውስጥ የተቀበረ በመሆኑ፣ አዳኝ ሙሉውን ለማውጣት ዝሆኑን ገድሎ ፊቱን መሰንጠቅ አለበት።