«አሕዛብ» ማለት ምንድን ነው?

ረቡዕ ማታ ሀዋሳ ውስጥ፣ ታቦር ተራራ ሥር ካለ አንድ ቤት፣ እንደ ልማዳችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ነበርን። የማቴዎስን ወንጌል ለመጨረስ ሁለት ቁጥር ቀርቶናል። ቁጥር 19 ላይ «አሕዛብን ሁሉ» የሚለው ሲነበብ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንባቢውን አስቆመችው። «ጋሼ፣ አሕዛብ የሚባሉት እነማን ናቸው?» አለችኝ። «አያቴ ሰው ሲያስቀይማት ‹ይሄ አሕዛብ!› ትላለች። እኛ ወደ እነሱ የምንላክ ነን ወይስ እነሱ እኛው ነን?»

እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ያስቀመጠን ሁለተኛው ጥያቄዋ ነው። መልሱን እዚህ የምጽፈው ይህ አንድ ቃል ከተሳተ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሕዝብ፣ ስለ አገርና ስለ ወገን የሚናገረው ሁሉ ተገልብጦ ስለሚነበብ ነው።

አሕዛብ የግእዝ ቃል ነው፤ «ሕዝብ» ሲበዛ አሕዛብ ይሆናል። ደብር ሲበዛ አድባር፣ ሀገር ሲበዛ አህጉር፣ ፈረስ ሲበዛ አፍራስ እንደሚባለው ማለት ነው። ሕዝቦች ማለት ነው፤ በቃ። በቃሉ ውስጥ ስድብ የለም። ነገር ግን የግእዝ ብዙ ቁጥር ወደ አማርኛ ሲገባ አንዳንዴ ከወላጁ ቤት ወጥቶ የራሱን ጎጆ ይቀልሳል። አድባር ዛሬ ለእኛ ብዙ ደብሮች ማለት አይደለም፤ መንደሩን ይጠብቃል የሚባል መንፈስ ወይም ሰው የሚሰበሰብበት ዛፍ ነው። አህጉርም «አገሮች» መሆኑ ቀርቶ አፍሪካን ወይም እስያን የምንጠራበት ቃል ሆኗል። አሕዛብም እንዲሁ ከሕዝብ ተለይቶ «እግዚአብሔርን የማያውቁ፣ ሌሎቹ» የሚል ትርጉም ይዞ ቀረ።

ከአማርኛው ጀርባ ያለው የዕብራይስጥ ቃል ጎይ ነው፤ ሲበዛ ጎዪም። በግሪኩ ኤትኖስ፣ ሲበዛ ኤትኔ። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ «ሕዝብ» ከማለት ያለፈ ክስ የለባቸውም። ዘፍጥረት 12፥2 ላይ እግዚአብሔር አብራምን ታላቅ ሕዝብ እንደሚያደርገው ሲነግረው በዕብራይስጡ የቆመው ቃል ጎይ ነው። ዘጸአት 19፥6 ላይ እስራኤል «ቅዱስ ሕዝብ» ሲባልም ያው ጎይ ነው። እስራኤል ራሱ ከጎዪም አንዱ ነው ማለት ነው፤ የተጠራና ኪዳን የተገባለት፣ ግን አንዱ።

ከዚያም በፊት ዘፍጥረት 10 አለ። ብዙዎቻችን የስም ዝርዝር ነው ብለን የምንዘለው ምዕራፍ ነው፤ እኔም ለዓመታት ዘልዬዋለሁ። የኖኅን ልጆች ዘር በየምድራቸው፣ በየቋንቋቸው፣ በየነገዳቸውና በየሕዝባቸው ያስቀምጣል። የአይሁድ ትውፊት ቁጥራቸውን 70 ያደርገዋል። ኩሽ እዚያ አለ፣ ምጽራይም ማለትም ግብፅ እዚያ አለ፣ ከነዓን እዚያ አለ። እስራኤል የለም። መጽሐፉ ስለ ተመረጠው ሕዝብ ከመናገሩ በፊት ሌሎቹን ሕዝቦች በስማቸው ጠርቶ ጨርሷል።

ታዲያ የተጨፈገገው ትርጉም ከየት መጣ? ከታሪክ ነው። እስራኤል በአሦርና በባቢሎን ተወረረ፣ ተማረከ፣ ኋላም በግሪክና በሮም ሥር ወደቀ። ጣዖት የሚያመልኩ ኃያላን መንግሥታት በከበቡት ሕዝብ አፍ «ጎዪም» ቀስ በቀስ «ሌሎቹ» የሚል ቃና ያዘ። በወንጌልም ይህ ቃና ይሰማል፤ ማቴዎስ 6 ላይ ጌታ እንደ አሕዛብ በከንቱ ቃል እንዳንደጋግም፣ እንደ እነሱም ስለ መብልና ስለ ልብስ እንዳንጨነቅ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ አያቲቱ ቃሉን ከሜዳ አላነሡትም። የያዙት ግን አንዱን ጫፍ ብቻ ነው።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ስንመለስ፦ አሕዛብ እነማን ናቸው? በመጽሐፍ ቅዱስ አነጋገር አይሁድ ያልሆነ ሁሉ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ሲዳማ፣ ወላይታ፣ አማራ፣ ኦሮሞና ጉራጌ ተቀምጠን ነበር፤ ሁላችንም አሕዛብ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በምዕራፍ 2 «በሥጋ አሕዛብ የነበራችሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ የሩቆቹ ቀርበዋል፣ የሚለያየው ግድግዳም ፈርሷል ሲል፣ አንባቢው ራሱን ማግኘት ያለበት ከሩቆቹ መካከል ነው። ግድግዳውም ምሳሌ ብቻ አልነበረም። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የውጭውን አደባባይ ከውስጠኛው የሚለይ የድንጋይ አጥር ነበር፤ ባዕድ ሰው ካለፈው ለሞቱ ተጠያቂው ራሱ እንደሆነ በግሪክኛ የተቀረጸ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ከእነዚያ ጽሑፎች አንዱ ሙሉውን እ.ኤ.አ. በ1871 ተገኝቶ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ያ ድንጋይ የተጻፈው ለእኛ ዓይነቱ ሰው ነው።

ይህን መቀበል ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዘመናት ራሳችንን በእስራኤል ወንበር ላይ አስቀምጠን ስናነብ ኖረናል። ነገሥታቱ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይባሉ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ያስቆጥር ነበር። ዘውዱ ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ የንባቡ ልማድ ግን አልወረደም፤ ወንበሩን ብቻ ቀየረ። ዛሬ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን በየተራ የራሱን ወገን «ሕዝቤ» ያደርገዋል፣ ጎረቤቱን ከነዓናዊ ወይም አማሌቃዊ፣ ወረዳውን የተስፋ ምድር። ይህ ንባብ ያስፈራኛል። ሀዋሳ ላይ በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር ሲዳማና ወላይታ በተጋጩበት ጊዜ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ እሁድ እሁድ በአንድ ጣራ ሥር ይዘምሩ የነበሩ ጎረቤቶች በር ዘግተው የተፈራሩበትን ሳምንት አልረሳውም።

በዚያ መንገድ ለሚያነብ ሰው ሁለት ቦታዎችን እንዲያይልኝ እለምናለሁ።

አንደኛው ዘዳግም 2 ነው። እስራኤል ወደ ተስፋዪቱ ምድር እየተጓዘ ነው፤ በመንገዱ ላይ ኤዶም፣ ሞዓብና አሞን አሉ። እግዚአብሔር ግን አትንኳቸው ይላል። የሴይርን ተራራ ለዔሳው ርስት አድርጌ ሰጥቻለሁ፤ ሞዓብንና የአሞንን ምድር ለሎጥ ልጆች ሰጥቻለሁ። ከምድራቸው አንድ ጫማ መሬት እንኳ አልሰጣችሁም፤ ምግብም ውኃም በገንዘብ ግዙ። «ርስት» የሚለው ቃል ምን ያህል ደም እንዳፈሰሰ በምናውቅ ሰዎች መካከል ይህ ምዕራፍ ለምን እንደማይሰበክ አይገባኝም። ርስት የሰጠው አምላክ ለሌላውም ሰጥቷል፤ ድንበሩንም ያስከብራል።

ሁለተኛው አሞጽ 9፥7 ነው። «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ይላል እግዚአብሔር ለእስራኤል። እዚህ ላይ ሲደርስ የኢትዮጵያ አንባቢ ደስ ይለዋል፤ ግን ቀጥሎ ያለውም መነበብ አለበት፦ እስራኤልን ከግብፅ እንዳወጣ ሁሉ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፣ ሶርያውያንን ከቂር ያወጣው እሱ ነው። የእስራኤል ጠላቶችም የራሳቸው መውጣት፣ የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ያወጣቸውም አንዱ አምላክ ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለው በዕብራይስጡ ኩሽ ነው፤ የግሪኩ ትርጉም ነው ኢትዮጵያ ያደረገው፤ ያኔ የሚያመለክተውም ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ምድር ነው። ይህን መናገር ከመዝሙር 68፥31 የምናገኘውን ደስታ የሚቀንስ አይመስለኝም። የዘረጋቸው እጆች የአሕዛብ እጆች መሆናቸው ነው የመዝሙሩ ውበት።

ይኸው አሞጽ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ጎረቤት ሕዝቦችን በየተራ ይከሳል፤ ደማስቆን፣ ጋዛን፣ ጢሮስን፣ ኤዶምን፣ አሞንን። ምዕራፍ 2 ሲጀምር ሞዓብ የተከሰሰው የኤዶምን ንጉሥ አጥንት ስላቃጠለ ነው። ሞዓብ አሕዛብ፣ ኤዶም አሕዛብ፤ እስራኤል በነገሩ ውስጥ የለበትም። ሆኖም እግዚአብሔር ጉዳዩን ይዞታል። ከዚያ ወደ ይሁዳና ወደ ራሷ ወደ እስራኤል ይዞራል፤ ድሀን በጥንድ ጫማ ስለሸጠች። አንድ ሕዝብ በአደባባይ የሚፈጽመው ግፍ «የፖለቲካ ጉዳይ ነው» ተብሎ ከእግዚአብሔር ፊት አይወጣም። አሞጽም የአንድን ወገን ግፍ ብቻ አይቆጥርም።

ልጅቷ ሌላም ጠየቀች፤ አሕዛብና በሲቪክስ መጽሐፏ ያለው «ብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» አንድ ናቸው ወይ? አይደሉም፤ ሁለቱን ማደባለቅም አደገኛ ነው። ብሔር በግእዝ ምድር፣ አገር፣ ዓለም ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ራሱ የምድር ጌታ፣ የዓለም ጌታ ማለት ነው። በዛሬው የፖለቲካ ትርጉሙ ግን በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ጎልቶ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ውስጥ የገባ ቃል ነው። አንቀጽ 39 ለቃሉ ትርጉም ይሰጣል፣ መብትም ያያይዝበታል፤ ሲዳማም በኅዳር 2012 ዓ.ም. በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ክልል የሆነው በዚያ ሕገ መንግሥት መሠረት ነው። ዘፍጥረት 10 እንዲህ ያለ ሕግ አይደለም። የክልል ጥያቄን የሚደግፍም የሚቃወምም ሰው ሐሳቡን በሕግና በታሪክ ያስረዳ፤ የኩሽን ዝርዝር ማኅተም አድርጎ አይምታበት። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ማለቱንም ለቤተ ክርስቲያን እንደ ጥበቃ የማየው ለዚህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የሕዝቦችን አጥር የሚያልፉ ሰዎችን በፍቅር ይተርካል። ሞዓባዊት ሩት «ሕዝብሽ ሕዝቤ» ብላ የዳዊት ቅድመ አያት ሆነች። ኤርምያስ 38 ላይ ነቢዩ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ በረሃብ ሊሞት ሲል፣ ከይሁዳ ሹማምንት ማንም አልደረሰለትም። የደረሰለት በንጉሡ ቤት የሚያገለግል ኢትዮጵያዊ፣ አቤሜሌክ ነው፤ ንጉሡን በአደባባይ ሞገተ፣ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ ሳይቀር አወረደለት። አሕዛብ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ በሰው አገር የሠራው ሥራ ነው። ኤርምያስም ለተማረኩት ወገኖቹ በጻፈው ደብዳቤ ባቢሎንን ሰላሟን ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ ብሏቸዋል፤ ከአገራቸው ማርካ የወሰደቻቸውን ከተማ።

ከሐዲስ ኪዳንም ለጊዜው የሐዋርያት ሥራንና የዮሐንስ ራእይን ላንሣ። በበዓለ ኀምሳ ሁሉም በየቋንቋው ሰማ፤ አንድ ቋንቋ አልተጫነባቸውም። እኛ ከተማ እሁድ ጠዋት አንዱ አጥቢያ በሲዳምኛ፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሌላው በወላይትኛ ሲዘምር ስሰማ ያን ቀን አስባለሁ። በዮሐንስ ራእይ መጨረሻም አሕዛብ አልጠፉም፤ በከተማይቱ ብርሃን ይመላለሳሉ፣ ክብራቸውንም ይዘው ይገባሉ።

ያን ማታ ልጅቷ ቁጥር 19ን እንደገና አነበበች፤ «አሕዛብን» የሚለው ላይ ቆም ብላ «ሕዝቦችን ሁሉ» ብላ አለፈችው። ቁጥር 20ንም ጨረሰች። ከዚያ መጽሐፉን ሳትዘጋ ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ ገልጣ ምዕራፍ 25 ቁጥር 32 ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ አሕዛብ ሁሉ በፊቱ የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። «ይሄም እኛን ነው?» አለች።

አዎን፣ እኛን ነው። ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ራሷ አነበበችልን፦ ለተራበው እንጀራ፣ ለተጠማው ውኃ፣ ለእንግዳው ማደሪያ፣ ለታረዘው ልብስ፣ የታመመውንና የታሰረውን መጠየቅ።