አንዱ ቃል ለሁለት ሲሰነጠቅ፦ ላትቪያውያንና የእንግሊዝኛ ቃላት

በላትቪያኛ አፉን የፈታ ሰው መዳፉን አሳይታችሁ ምን እንደሚባል ብትጠይቁት «ሩዎካ» ይላችኋል። ክንዱን ብታሳዩትም ያው «ሩዎካ» ነው። ከጭኑ እስከ ተረከዙ ያለው ሁሉ «ካያ» ነው። የእጁም የእግሩም ጣት «ፒርክስትስ» ይባላል። እንግሊዝኛ ሲጀምር ግን እያንዳንዱ ቃል ለሁለት ይሰነጠቅበታል፦ ሃንድና አርም፣ ሌግና ፉት፣ ፊንገርና ቶ። እኛም እግርና ጣት ላይ እንደሱው ስለሆንን ችግሩ አይጠፋንም። «ድሩዎሺባ» የሚለው ቃላቸውም ልክ እንደኛ «ደህንነት» ሴፍቲንም ሴኩሪቲንም ጠቅልሎ ይይዛል።

ላትቪያኛ የባልቲክ ቋንቋ ነው። ከዚህ ወገን ዛሬ በሕይወት ያሉት እሱና የሊትዌኒያ ቋንቋ ብቻ ናቸው። አፍ መፍቻቸው የሆነላቸው ሰዎች ቢበዙ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ናቸው። ከእንግሊዝኛ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከኢንዶ-አውሮፓ ግንድ ይመዘዛሉ። ዝምድናው አንዳንዴ ፊት ለፊት ይታያል። ናይት «ናክትስ» ነው፣ ሶልት «ሳልስ»፣ ዎልፍ «ቪልክስ»። ጀርመኖችም አገሩ ላይ ለዘመናት ስለገነኑ ከነሱ የተወረሰው ቃል ብዙ ነው። ስክሩ «ስክሩቬ»፣ ፔፐር «ፒፓሪ» የሆነው በዚህ ነው። እነዚህን ተማሪው በነፃ ያገኛቸዋል ማለት ይቻላል።

ጣጣው ያለው ተመሳስሎ የሚሸውደው ላይ ነው። «ጊምናዚያ» ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ «ጂምናዚየም ነው የተማርኩት» ሲል እንግሊዛዊው ክብደት ሲያነሳ ይታየዋል። «ሲምፓቲስክስ» ደስ የሚል፣ ልብ ውስጥ የሚገባ ሰው ነው፤ ሲምፓቴቲክ ግን የሰው ሐዘን የሚሰማው ነው። «አክቱአልስ» ወቅታዊ ማለት ሲሆን አክቹዋል ደግሞ እውነተኛ ነው። «ሮማንስ» ረጅም ልብ ወለድ ነው፣ ፍቅር ኖረበትም አልኖረበትም። ኖቭል ይሆናል ብላችሁ የምትጠብቁት «ኖቬሌ» አጭሩ ነው።

ትንንሾቹ ቃላት ደግሞ ይብሳሉ። በላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ አንድ ሱቅ በር ላይ «ኑዎ 9 ሊድዝ 18» ተብሎ ይለጠፋል። ከ9 እስከ 18 ሰዓት ክፍት ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ከእንግሊዝኛው «ኖ» አንድም ፊደል አይለይም። «ቤት» ማለት «ግን» ነው፤ በእንግሊዝኛ ውርርድ፣ በእኛ መኖሪያ። «ማን» ደግሞ «ለእኔ» ማለት ነው። «ማን ኢር ግራማታ» ቃል በቃል «ለእኔ መጽሐፍ አለ» ነው፣ ከእኛ «አለኝ» ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሃቭ የሚለው ግስ መጀመሪያ ላይ ለሁለታችንም ትንሽ እንግዳ ነው።

የቃል መጨረሻም የራሱ ወጥመድ አለው። በላትቪያኛ ብዙ የወንድ ፆታ ስሞች በ«ስ» ያልቃሉ። «ጋልድስ» አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ሲበዛ «ጋልዲ» ይሆናል። እንግሊዝኛ በተቃራኒው «ስ»ን የብዙ ቁጥር ምልክት አደረጋት። የውጭ ሰው ስም እንኳን ከዚች «ስ» አያመልጥም። ሼክስፒር በላትቪያ መጽሐፍ ላይ «ሼክስፒርስ» ነው፣ የሚጻፈውም እንደሚነበበው ነው። ኒው ዮርክ «ኙዮርካ» ትባላለች። እንደሚጻፈው ማንበብ የለመደ ልጅ የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ሲያይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ፊደል ቆጥረን ያደግን ሁላችን ቀምሰነዋል።

ፍሬዛል ቨርብ የሚባሉት፣ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚይዝባቸው፣ ሰው ሁሉ የሚያማርርባቸው፣ ለላትቪያዊ ከሚገመተው በላይ ይቀላሉ ባይ ነኝ። እሱም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ልዩነቱ ቅጥያውን ከፊት ማስቀደሙ ነው። «ዱዎት» መስጠት ነው። «አትዱዎት» መመለስ፣ ጊቭ ባክ። «ኢዝዱዎት» ማደል ወይም ማሳተም፣ ጊቭ አውት። «ፓዱዎቲየስ» መሸነፍ፣ ጊቭ አፕ። አማርኛም መሸነፍን «እጅ መስጠት» ይላል። ሦስቱም ቋንቋዎች ሽንፈትን ከመስጠት ማውጣታቸው ይገርመኛል።

በሶቪየት ዘመን ዋናው ተፈላጊ ቋንቋ ሩሲያኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነት ሲመለስ ሚዛኑ ወደ እንግሊዝኛ አጋደለ። በ2004 አገሪቱ አውሮፓ ኅብረት ገባች፤ ብሪታንያና አየርላንድ የሥራ በር ከፈቱ። ብዙ ሰው እንግሊዝኛን እርሻና ፋብሪካ ላይ፣ ከሥራ ባልደረባ አፍ ለቀመው። ቤት የቀረው ደግሞ ከስክሪን ይለቅማል። በቴሌቪዥን የውጭ ፊልም ላይ አንድ አንባቢ በላዩ ስለሚናገር የተዋናዩ ድምፅ ከሥር ይታፈናል። ሲኒማ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ዋናው ድምፅ ሳይነካ ትርጉሙ ከታች ይጻፋል። ለጆሮ የሚሻለው ሲኒማው ነው።

አንድ ሰው የሚያውቀውን የቃላት ብዛት ላትቪያውያን «ቫርዱ ክራዩምስ» ይሉታል፣ የቃላት ክምችት። ብዙ ሰው የሚያከማቸው በካርድ ነው፤ ፊት ለፊት ላትቪያኛው፣ ጀርባው ላይ እንግሊዝኛው። ለ«ናክትስ» ይበቃል። «ሩዎካ» ላይ ሲደርስ ግን ጀርባው ሁለት መልስ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ካርዱን ትቶ የሰው ሥዕል መሳል ይሻላል። ትከሻው ላይ መስመር አስምሮ አርም፣ ከአንጓው በታች ሃንድ ብሎ መጻፍ ነው።