ኮሪያ ስለማስተማር የተባለውና ያየሁት

ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ኮሪያ ልሄድ ስል የመከረኝ ሰው ብዛት! ኮሪያን በዓይኑ ያየ አንድም አልነበረም። ምክሩ ግን ሞልቶ ተርፎ ነበር። ቹንቾን በምትባል ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተማርኩ። ተመለስኩም። ዛሬም በቴሌግራም የሚላኩልኝ ጥያቄዎች ያው የድሮዎቹ ናቸው። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

«እንግሊዝኛ የቻለ ሁሉ ኮሪያ ሄዶ ያስተምራል»

ይሄኛው ገንዘብ ስለሚያስበላ ከእሱ ልጀምር። ኢ-ቱ የሚባለው የቋንቋ መምህራን ቪዛ፣ ለእንግሊዝኛ በመደበኛነት የሚሰጠው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለብሪታንያ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ዲግሪ ያስፈልጋል። ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃም ያስፈልጋል። እኔን ያስገባኝ እንግሊዝኛዬ ሳይሆን ፓስፖርቴ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ሰዋስው ከእኔ በብዙ ይበልጣል፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን በዚህ በር አይገባም። ኮሪያዊት አግብቶ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። «የማስተማር ቪዛ አለ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ደላላ ከመጣባችሁ ስልኩን ዝጉት።

«የኮሪያ ተማሪ ጸጥ ያለ ነው»

ማን እንዳለው አላውቅም። እንግሊዝኛ የሚጀመረው ሦስተኛ ክፍል ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የትም አገር ያው ነው። ይጮኻሉ፣ ይሮጣሉ። ጸብ ሲነሳ «ካዊ፣ ባዊ፣ ቦ» ብለው በእጃቸው መቀስ፣ ድንጋይ፣ ጨርቅ ይሠሩና ነገሩ በዚያው ይፈታል። የእኔ ዳኝነት አላስፈለገም። ጸጥታው ያለው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። እሱም ቢሆን ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ እንቅልፍ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው ሃግዎን ወደሚባለው የግል ማስጠኛ ይሄዳሉ። ሶል ውስጥ ሃግዎኖች ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ በከተማዋ ደንብ እስከ መከልከል ተደርሷል። ሁሉም የሚሮጠው ኅዳር ላይ ለሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። በዚያ ቀን፣ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ክፍል ሲሰጥ፣ ድምፅ እንዳይረብሽ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም።

«መምህር ይከበራል፣ ስጦታ ይጎርፍልሻል»

መከበሩ እውነት ነው። «ሶንሴንግኒም» ማለት መምህር ማለት ነው፤ መምህር ያልሆነ ሰው እንኳ በአክብሮት ይጠራበታል። ስጦታውን ግን እርሱት። ከ2016 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በሥራ ላይ ያለው የጸረ ሙስና ሕግ የትምህርት ቤት መምህራንንም ይይዛል። አንዲት ልጅ ያመጣችልኝን የጣሳ ቡና አብራኝ የምታስተምረው መምህርት በትሕትና መለሰችባት። የልጅቷ ፊት እስካሁን አይረሳኝም።

«ሥራው ቀላል፣ ዕረፍቱ ረጅም ነው»

ዕረፍቱ የልጆቹ ነው። በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ፤ ከዚያ ውጪ ያለውን ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ። ልጆቹ እቤታቸው ሆነው እኔ ባዶ ሕንፃ ውስጥ በነጠላ ጫማ እየተንሸራተትኩ (የውጭ ጫማ በር ላይ ነው የሚቀረው) ሹራብ የሠራሁባቸው ቀናት አሉ።

«ሰው ዓይን አፋር ነው፤ ሲተዋወቅ ግን ዕድሜ ይጠይቃል፣ ባለጌ ነው»

ከካናዳ የመጣ ባልደረባዬ በዚህ በጣም ይናደድ ነበር። «ምን አገባቸው?» ይላል። እኔ ግን ወዲያው ነው የገባኝ። እኛ ሰው ስንተዋወቅ «አንቺ» ልበላት ወይስ «እርስዎ» ብለን የምንጨነቀውን ጭንቀት እነሱ በያንዳንዱ ግሥ መጨረሻ ላይ ይጨነቁታል። ዕድሜ ሳያውቁ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይችሉም። በአንድ ዓመት ለሚበልጥ እንኳ አነጋገር ይለወጣል። የዕድሜ አቆጣጠራቸው ራሱ የታወቀ ጣጣ ነበር፤ ልጅ ሲወለድ አንድ ዓመት ይባላል፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ሌላ ይጨመርለታል። በሕግ አንድ ወጥ ያደረጉት በሰኔ 2023 ነው።

«ምግብ በላሽ?»ም እንዲሁ። ካናዳዊው ሊጋብዙት እየመሰለው ስንቴ ተስፋ ቆርጧል! ሰላምታ ነው። ዕቃ ሲሰጡ ደግሞ በሁለት እጅ፣ ወይም ግራ እጅን ቀኝ ክንድ ላይ ደገፍ አድርገው። እናቴ ይህን ያስተማረችኝ በአለንጋ ጭምር ነው፤ ርእሰ መምህሩ ግን «የኮሪያን ባህል ከየት ተማርሽ?» አሉኝ።

«ቋንቋው አይሞከርም»

ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይሁን። ለእኛ ግን ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በ1446 ንጉሥ ሴጆንግ ያወጁት ፊደል በሁለት ቅዳሜና እሑድ ይለመዳል። በኮሪያኛ «ዳቦ» እና «ክፍል» የሚሉት ቃላት የሚለያዩት በመጀመሪያው ድምፅ ጥብቀት ብቻ ነው። በቀ እና በከ፣ በጠ እና በተ ላደገ ጆሮ ድምፁ አንድ ባይሆንም ልዩነቱን መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም።

«ለቃኘው ሲሉ ኢትዮጵያዊ ሲያዩ ያቅፋሉ»

ይሄንን ስናገር የሚከፋው አለ። ቹንቾን ውስጥ በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የኢትዮጵያ ዘማቾች፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ሐውልት አለ። ሲመረቅ፣ በ1968፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል። አጠገቡ በዚያው ዓመት የተከፈተ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። በ2007 የተከፈተ ሙዚየምም አለ። ተማሪዎቼ ግን «ብራዚል ነሽ?» ነበር የሚሉኝ። ፎቶዬን ካየ በኋላ ድምፁን ያጠፋ ሥራ አስቀጣሪም አጋጥሞኛል፤ ፀጉሬን ለመንካት የተሰለፉ ልጆችም። የታክሲ ሾፌሩ ሽማግሌ «ኢትዮጵያ» ስላቸው መጀመሪያ ያሉት «ቡና!» ነው፤ ጦርነቱን ያነሱት ልወርድ ስል ነው። የሚያውቅ ያውቃል፣ የማያውቅ አያውቅም። እኛስ አገር ስንት ልጅ ያውቃል?

«ውሻ ይበላሉ፤ ጾም መጾምም አይቻልም»

ውሻን ለምግብ ማረድና መሸጥ የሚከለክለው ሕግ በጥር 2024 ጸድቋል፤ በ2027 ሥራ ላይ ይውላል። ድሮም ቢሆን የአብዛኛው ሰው ማዕድ አልነበረም። ጾሙ ግን እውነትም ያስቸግራል፤ የሚያስቸግረው ግን ባልጠበቅሁት በኩል ነው። ጎመን ብቻ የሚመስለው ኪምቺ ውስጥ የዓሣ ውሃ ወይም ጨው የበላ ሽሪምፕ ይገባል። ያዳነኝ የቡድሃ ገዳማት ምግብ ነው። ሥጋና ዓሣ የለውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም እንኳ የለውም።

ከታች ቤት ያሉት አሮጊት መጾሜን አያውቁም። በገባሁበት ሳምንት የምግብ ትራፊዬን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ደባልቄ ጥዬ ነበር (ለትራፊው ሌላ ከረጢት ነው የሚገዛው)። አሮጊቷ ከረጢቱን አንስተው በሬ ላይ መለሱልኝ። ቃል አልተናገሩም። በማግስቱ አንኳኩ፤ በሁለት እጃቸው የያዙት አንድ ሣህን ሙሉ ኪምቺ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ።