ዘማች አያትን ፍለጋ በጎንደር

ጎንደር ውስጥ «የእኛ አያት አድዋ ዘምቷል» የማይል ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ወረቀት አምጣ ሲባል ግን ብዙው ሰው ትከሻውን ይነቀንቃል። አይፈረድበትም። በዚያ ዘመን ዘማች በመዝገብ አይቀጠርም ነበር። ክተት ሲታወጅ ባላገሩ ስንቁን ሰንቆ፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጦርና ጋሻውን ይዞ አለቃውን ተከትሎ ይወጣል። አለቃው ደግሞ የበላዩን ይከተላል። ስም ጽፎ የሚይዝ፣ ሲሞት ለቤተሰቡ ደብዳቤ የሚልክ ክፍል የለም። ዜና መዋዕሎቹም ቢሆኑ የንጉሡንና የመኳንንቱን ስም እንጂ የተራውን ዘማች ስም እምብዛም አያነሡም።

ስለዚህ እዚህ አገር ዘማች የሚፈለገው በሌላ በር ነው። በርስት ክርክር፣ በተዝካር፣ በለቅሶ፣ በፉከራ። የሰውየው ስም የተረፈው ስለ ዘመተ ብቻ አይደለም። መሬት ስለነበረው፣ ልጆቹ በስሙ ስለተሟገቱ፣ አልቃሽ ስሙን ስለጠራችው ነው። ይህን ያልያዘ ሰው አዲስ አበባ ወርዶ መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት ሲንከራተት ይከርማል።

የትኛው ጦርነት?

መጀመሪያ መጣራት ያለበት ይኸ ነው። ሽማግሌ «ጣሊያን ጊዜ» ሲል 1888ም ሊሆን ይችላል፣ 1928ም። የጎንደር ሰው የዘመተባቸው ጦርነቶች ደግሞ ሁለት ብቻ አይደሉም። በጥር 1880 የድርቡሽ ጦር ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፎ ጎንደር ገባ፤ ከተማውን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በየካቲት 1888 አድዋ ሆነ። በመጋቢት 1922 የበጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር አንቺም ላይ ተዋግተው ሞቱ። በ1928 የሰሜን ጦር ግንባር መጣ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ዱር ቤቴ ተባለ። ነገሩ ያበቃው በኅዳር 1934 የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ምሽግ ጎንደር ነበረች።

አንቺም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ወገን ከወገን ጋር የተዋጋበት ስለሆነ ማንም በፉከራ አያነሣውም። እንዲህ ያለው ዘመቻ በሁለትና ሦስት ትውልድ ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ «አድዋ» ወይም «ማይጨው» ቢለወጥ አይገርምም።

ሲጣራ የመጀመሪያው ዘዴ የዕድሜ ስሌት ነው። አድዋ ላይ 20 ዓመት የሞላው ጎልማሳ የተወለደው 1868 ገደማ ነው። ዛሬ ዐርባ ለሚጠጋ ሰው ይህ ዘማች ቢያንስ ቅድመ አያት፣ አብዛኛውን ጊዜም ምንጅላት ይሆናል። «የአባቴ አባት አድዋ ነበር» የሚል ወጣት ሲገኝ አንድ ትውልድ ወድቋል ወይም ጦርነቱ ሌላ ነው።

ሁለተኛው የወንጌላዊው ዘመን ነው። የድሮ ሰው ዓመቱን በቁጥር ላያውቀው ይችላል፤ «በዘመነ ዮሐንስ ወጣ፣ በዘመነ ማቴዎስ ተመለሰ» ግን ይላል። ይኼ ጥሩ መረጃ ነው፣ ግን ወጥመድ አለው። 1880፣ 1888 እና 1928 ሦስቱም ዘመነ ዮሐንስ ናቸው። ሳር ውሃም፣ አድዋም፣ የሽሬና የተምቤን ጦርነትም እዚያው ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ «ከክፉ ቀን በፊት ነው በኋላ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከብት ያለቀበት፣ ሰው በረሃብ የረገፈበት ያ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ባለው ጊዜ ነው። የቀረበ ነገር ከሆነ ደግሞ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ አለ። «የኅዳር በሽታ ሲመጣ ገና ልጅ ነበር» የተባለ ሰው አድዋን አላየም።

ጠመንጃም ይናገራል። ስናድር እንግሊዞች መቅደላ ሲመጡ የታጠቁት መሣሪያ ነው። ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው በእኛ አቆጣጠር በ1866 ገደማ ነው። ቴዎድሮስ የሞቱት በ1860 ስለሆነ «ከቴዎድሮስ ጋር ውጅግራ ይዞ ዘመተ» የሚባል ታሪክ አንድ ቦታ ላይ ተጣሟል። ከ1866 ወዲህ ላለው ዘመን ግን ገደብ የለውም። የአያቱን ውጅግራ ይዞ በ1928 የወጣ ሞልቷል።

ከሁሉ የሚያዋጣው አንድ ጥያቄ ነው፤ አለቃው ማን ነበር? የሰውየው ስም ቢጠፋ እንኳ የአለቃው ስም ይገኛል። «ከደጃዝማች አያሌው ብሩ ጋር» ከተባለ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ 1928 ነው፣ ቦታውም በሽሬ በኩል። «ከራስ ካሣ ጋር» ከተባለ ተምቤን። «ራስ ጉግሣ» ከሆነ አንቺም። «አሞራው» ብለው ከጠሩት ውብነህ ተሰማ ናቸው፤ በጎንደር ዙሪያ የተካሄደው አርበኝነት ማለት ነው። «አዳነ መኮንን» ከሆነ ወደ ወልቃይትና አርማጭሆ በኩል ዞር ማለት ነው። አለቃው ከታወቀ ዘመቻው፣ መንገዱና ውጊያው ከታተመ ታሪክ ላይ ይገኛል። ዘማቹም እዚያው ውስጥ ቦታ ያገኛል።

የርስት ሙግት

በጌምድርና ጎጃም ውስጥ ርስት የሚገኘው በትውልድ ነበር፤ በአባትም በእናትም። መሬቱን መጀመሪያ ያቀና ሰው አቅኚ አባት ይባላል። ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ራሱን ከዚያ አቅኚ አባት ጋር በትውልድ ማያያዝ አለበት። ዳኛ ፊት ወይም ሽማግሌ ፊት ቆሞ «እኔ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌት፣ እገሌት የእገሌ» እያለ ይቆጥራል። ባላጋራው ደግሞ ዝም ብሎ አይሰማም። «እገሌት የእገሌ ልጅ አይደለችም፣ የእንጀራ ልጁ ናት» ይለዋል። ምስክር ይጠራል። እንዲህ ተፈትኖ ያለፈ የትውልድ ቆጠራ ከቤት ተረት ይበልጣል፤ የሚቃወም ሰው ፊት የተነገረ ነውና።

እዚህ ሙግት ውስጥ ዘማቹ በጎን በኩል ብቅ ይላል። «እገሌ መተማ ቀረ፤ ልጅ አልነበረውም፣ ድርሻው ለእህቱ ልጆች ነው» ይባላል። ለሟቹ ክብር ተብሎ የተነገረ አይደለም። የነገሩ ጉዳይ መሬት ነው። ለፈላጊው ግን ሞቱም፣ ቦታውም፣ እህቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገኙለት ማለት ነው። የሴቶች ስም በብዛት የሚገኘውም እዚህ ነው። በእናት በኩል ርስት ስለሚገባ እናት፣ አያትና አክስት በስማቸው ይጠራሉ። በጦርነት ታሪክ ውስጥ ስንቅ የተሸከሙት፣ ውኃ የቀዱት፣ ቁስለኛ ያነሡት ሴቶች በስም አይታወቁም። በርስት ክርክር ግን ይታወቃሉ።

ውሸት አልነበረም ወይ? ነበር እንጂ። መሬት የሚያስገኝ ከሆነ የትውልድ ሐረግ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ አንዳንዴም ይጣመማል። ቢሆንም ቆጠራውን በቃል የሚይዝ ሰው በየቤቱ እንዲኖር ያስገደደው ይኸው ሙግት ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋር ትውልድ የመቁጠር ትርፉም ቀረ። በእኔ ግምት ለጎንደር የቤተሰብ ታሪክ ከየትኛውም ቃጠሎ ያልተናነሰ ጉዳት ይኸ ነው። የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ነው። ለጋብቻ ይቆጠራል፣ ግን እሱም እንደ ድሮው አይደለም።

ከርስት ዘመን የተረፉ ወረቀቶች ዛሬም በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አሉ። የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ግልባጭ፣ ማኅተም ያረፈበት አቤቱታ። ደረሰኙ አንዳንዴ የተቆረጠው ከሞተ ብዙ ዘመን ባለፈው ሰው ስም ነው። ያ ስህተት አይደለም፤ መሬቱ የሚታወቀው በእሱ ስም ነበር።

ቤተ ክርስቲያን

የጎንደር ዘመን ብራናዎች ጠርዝና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ ወንጌል ቢሆንም ጠርዙ የውል መዝገብ ነው። የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን የመሰሉ ደብሮች በዚህ ይታወቃሉ። ግን ብዙው ጠፍቷል። ቴዎድሮስ በ1859 ጎንደርን አቃጥለዋል፤ ከአብያተ ክርስቲያናት ብራና ሰብስበውም መቅደላ አከማችተው ነበር። በ1860 እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዱት ውስጥ 350 ያህሉ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከዚያ ድርቡሽ መጣ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ንብ መንጋ ሆኖ ጠበቃት ይላል የአገሩ ሰው።

ሌላው እንቅፋት የክርስትና ስም ነው። ካህኑ ሙታንን የሚያስበው ገብረ ማርያም፣ ወልደ ሚካኤል እያለ ነው። መንደሩ የሚያውቀው ግን በዓለም ስሙ ነው። በጦር ሜዳ ደግሞ በፈረስ ስሙ ይጠራ ይሆናል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ እንደተባሉት። ሦስቱን ስሞች አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ማዕረግም እንዲሁ ያሳስታል። በ1928 ባላምባራስ የነበረ በ1934 ፊታውራሪ ሊሆን ይችላል።

እስላሙ ሰፈር፣ አዲስ ዓለም፣ የክርስትና ስም ጣጣ የለበትም። ግን የዓሊና የመሐመድ ብዛት የራሱ ጣጣ አለው። ቤተ እስራኤሎቹ ሰባት ቤት በጥብቅ ይቆጥሩ ነበር። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ወደ እስራኤል ስለሄዱ አዋቂዎቻቸው የሚገኙት እዚያ ነው። ወለቃ መንደር ሄዶ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም።

ፉከራና ሙሾ

ፎካሪ የአባቱን ስም፣ የአገሩን ስም፣ የገደለበትን ቦታና የመሣሪያውን ዓይነት እየጠራ ይፎክራል። ሙሾ ደግሞ የሞተበትን ይናገራል። ሬሳው አድዋ ወይም ተምቤን ለቀረ ሰው መርዶ ሲመጣ ለቅሶው የሚቆመው ልብሱንና መሣሪያውን ይዞ ነው። አልቃሿ የምታወርደው ግጥም ጥሩ ከሆነ ሰው ይይዘዋል። የሟቹን ቁመት፣ የፈረሱን መልክ፣ ትቶት የሄደውን ልጅ ስም ሁሉ ይዞ ይቀራል። የጎንደር አዝማሪዎችም ከዚሁ ላይ ይጨምራሉ።

እዚህ ላይ ፈላጊው አሮጊቶችን ይጠይቅ። ወንዱ የሚያስታውሰው ፉከራውን ነው፤ ያሸነፈበትን። ሙሾውን የያዙት ሴቶች ናቸው። ግጥሙ ቃል በቃል ይጻፍ፣ በስልክም ይቀረጽ። ትርጉሙ ያልገባ ቃል ካለ አይስተካከል። ብዙ ጊዜ የቦታ ስም ሆኖ ይገኛል።

ወረቀት የጀመረበት ጊዜ

ከ1934 በኋላ ነገሩ ይለወጣል። መንግሥት ለአርበኞች ሜዳይ ሰጠ። በሜዳዩ ጥብጣብ ላይ የሚደረገው ዘንባባ ያገለገለበትን ዓመት ይቆጥራል። አንድ ጥግ ላይ የተሰቀለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ እንበል። ካባ የደረበ ሰው፣ ደረቱ ላይ ሜዳይ። ፎቶው በጥሩ ብርሃን ተነሥቶ ቢጎላ ዘንባባው ሊቆጠር ይችላል። አምስት ከሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዱር ነበር። ሁለት ከሆነ ግን ቀሪዎቹን ሦስት ዓመታት የት ነበር?

ይህ ጥያቄ ጎንደር ውስጥ በጥንቃቄ ነው የሚነሣው። መልሱ ባንዳ ሊሆን ይችላል። ለጣሊያን አድሮ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ዱር የከዳ ሰው ብዙ ነበር። ቤተሰቡ የሚያወራው ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ሌላም መልስ ይኖራል፤ እስር። ጣሊያን ብዙ ሰው ሶማሊያ ውስጥ ደናኔ አስሯል፤ መኳንንቱን ወደ አሲናራ ደሴት አግዟል።

የአርበኛ ስም ያልተጠበቀ ቦታም ይገኛል። መንግሥት ከነጻነት በኋላ ለአርበኞች መሬት ሲሰጥ ብዙው በደቡብ ነበር። ጎንደሬው አርበኛ በአርሲ ወይም በባሌ የመሬት ወረቀት ላይ ቢገኝ አይግረም። አዲስ አበባ ያለው የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርና ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም፣ መጠየቅ አለባቸው። ግን ስም ብቻ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። የአለቃውን ስም፣ ወረዳውንና ዓመቱን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ሮም ያሉት የጣሊያን ጦር መዛግብት ደግሞ የራሳቸው አመል አላቸው። ጸሐፊው የአበሻውን ስም እንደሰማው በላቲን ፊደል ጽፎታል፤ ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ተደባልቀዋል፣ የአባት ስምም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እዚያ የሚፈለገው አስቀድሞ የሰው ስም አይደለም። መጀመሪያ የቦታው ስም፣ ቀጥሎ የአለቃው፣ ከዚያ ነው የአያት ስም። በየደረጃው የተገኘው ነገር ከማን እንደተሰማ ወይም ከየትኛው ወረቀት እንደተገኘ አጠገቡ ይጻፋል። ሁለት ቃል ከተጋጨም ሁለቱም ይጻፋሉ።