በአበባ ሕዋስ ውስጥ ቫይረስን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማጥናት

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኔዘርላንድስ እጅግ ውድ ከነበሩት ቱሊፖች መካከል በነጭ ወይም በቢጫ መደብ ላይ ቀይና ሐምራዊ ነበልባል የሚመስል መስመር ያላቸው ይገኙበታል። ገዢዎቹ የሚከፍሉት ለበሽታ መሆኑን አላወቁም። ዝንጉርጉርነቱን የሚያመጣው ክሽክሽ በተባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም በአበባው ላይ ወጥ ሆኖ እንዳይመረት ያደርጋል፤ ቀለሙ በጎደለበት ቦታም መደቡ ይገለጣል።

ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ ቫይረሱ ግን በብርሃን ማይክሮስኮፕ አይለይም። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ በታች ያለውን ዝርዝር ለመለየት ይሳነዋል። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ዘንግ ውፍረቱ 18 ናኖሜትር ብቻ ነው። ይህ ቫይረስ በጀርመን በብርሃን ፈንታ ኤሌክትሮኖችን በሚጠቀመው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር።

አድካሚው ሥራ ናሙናውን ማዘጋጀት ነው። የአበባው ቁራጭ ግሉታራልዴሃይድና ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ በተባሉ ኬሚካሎች ባለበት እንዲረጋ ይደረጋል፤ ውሃው በአልኮል ይወጣል፤ ከዚያም ሬዚን የተባለ ሙጫ መሰል ነገር ሰርጎት ይጠነክራል። በአልማዝ ስለት ከ60 እስከ 90 ናኖሜትር ውፍረት ተቆርጦ በዩራኒየምና በእርሳስ ጨው ይቀለማል። አበባ ደግሞ የራሱ ችግር አለው፦ አብዛኛውን የሕዋሱን ክፍል የያዘው ውሃ የሞላው ከረጢት፣ ቫኪዩል፣ ነው። የሕዋሱ ዝልግልግ ክፍል፣ ሳይቶፕላዝሙ፣ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ስስ ንጣፍ ይሆናል፤ ፍለጋውም በዋናነት እዚያ ላይ ነው። የሚገርመው፣ የቀለም መጓደልን ምክንያት የሚያሳየው ምስል ራሱ ቀለም የለውም፤ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው።

የቱሊፑ ቫይረስ ከሚመደብበት የፖቲቫይረስ ወገን የሆኑት ተጣጣፊ ክሮች ናቸው። ክሮቹ ባይታዩ እንኳ በሳይቶፕላዝም ውስጥ የሚሠሩት የፕሮቲን ቅርጽ ያጋልጣቸዋል። አግድም ሲቆረጥ በነፋስ የሚሽከረከር መዘውር ይመስላል፤ በቁመቱ ሲቆረጥ ግን ጎን ለጎን የተሰለፉ መስመሮች ሆኖ ይታያል። አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ መቁጠር ለጀማሪ ቀላል ስህተት ነው።

ከሁሉ የሚያታልሉት 30 ናኖሜትር ገደማ የሆኑት ሉል መሰል ቫይረሶች ናቸው። ፕሮቲን የሚሠሩት የሕዋሱ ቅንጣቶች፣ ራይቦዞሞች፣ በመጠን ይቀራረቧቸዋልና ተበትነው ሲገኙ መለየት ያስቸግራል። ቫይረሶቹ እንደ ክሪስታል በረድፍ ከተደረደሩ ጥርጣሬው ይቀላል። ካልተደረደሩ ደግሞ ቫይረሱን ለይቶ የሚይዝ፣ የወርቅ ቅንጣት የተጣበቀበት ፀረ እንግዳ አካል በቁራጩ ላይ ይደረጋል፤ ወርቁ ጥቁር ነጥብ ሆኖ የቫይረሱን ቦታ ያመለክታል።