የንግድ መረጃ ፋይሎች መጠን፦ ኤዲፋክት፣ ኤክስኤምኤልና ጄሰን ከድሬዳዋ ሲታዩ

ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ድሬዳዋ ስትቆረቆር፣ ከጭነቱ ጋር የጭነቱ ዝርዝርም አብሮ መጓዝ ጀመረ። ዛሬ ደረቅ ወደብና በ2014 ዓ.ም. የተመረቀ ነጻ የንግድ ቀጠና ላላት ከተማ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስትና ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) የዕለት እንጀራ ናቸው። እነዚህ ሰነዶች ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፉበት የአጻጻፍ ሥርዓት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዱ ጥቂት ባይት (የፋይል መጠን መለኪያ) የሚበቃው ይዘት በሌላው ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

በጣም ቆጣቢ ከሆኑት አንዱ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተዘጋጀው ኤዲፋክት ነው። በዚያ ዘመን የስልክ መስመሩ ቀርፋፋ ነበር፤ መልእክት አስተላላፊ ኔትወርኮችም በተላከው ፊደል ብዛት ያስከፍሉ ነበር። ስለዚህ ኤዲፋክት ሁሉን ነገር በኮድ ያሳጥራል፦ የመረጃው ዓይነት በሦስት የላቲን ፊደላት ይጠራል፣ የመደመር ምልክትና ሁለት ነጥብ ክፍሎቹን ይለያሉ፣ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ይዘጋል። ድሬዳዋ ራሷ በዓለም አቀፉ የቦታዎች መለያ አምስት ፊደል ብቻ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል በተቃራኒው እያንዳንዱን መረጃ በስሙ ከፍቶ በስሙ ይዘጋል። አንድ ጆንያ የሐረር ቡና፣ 60 ኪሎ፣ በኢንቮይስ ላይ ሲጻፍ እንመልከት። በኮማ ብቻ በሚለየው ሲኤስቪ መጠኑና መለኪያው 6 ባይት ናቸው። በኤዲፋክት 14 ባይት ይሆናሉ፤ በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ሌላ የጽሑፍ ቅርጽ) አጠር ባሉ ስሞች 32፣ በኤክስኤምኤል ላይ በተመሠረተው የንግድ ሰነዶች ቅርጽ፣ ዩቢኤል፣ ደግሞ 62። ሲኤስቪ አሸነፈ ብሎ መቸኮል ግን አይገባም። ቁጥሩ የታዘዘው ይሁን የተላከው ወይስ ኢንቮይስ የተደረገበት፣ ፋይሉ ራሱ አይናገርም፤ ላኪና ተቀባይ ዓምዶቹን አስቀድመው ካልተስማሙበት ስድስቱ ባይት ትርጉም የላቸውም። ኤዲፋክት ያንን ትርጉም «47» በምትል የኮድ ቁጥር ይዞታል፣ ዩቢኤል በሙሉ ቃል።

የ14ና የ62 ልዩነት አስደንጋጭ ቢመስልም አጋንኖ ማየት ስህተት ይመስለኛል። ፋይል ዚፕ ሲደረግ፣ ቀደም ብሎ የመጣ ሐረግ ድጋሚ ሲመጣ እንደገና አይጻፍም፤ «ወደኋላ ሄደህ ከዚያ ቅዳ» የሚል አጭር ጥቆማ ይተካዋል። የኤክስኤምኤል ውፍረት ደግሞ በአብዛኛው ድግግሞሽ ነው። መቶ ዓይነት ዕቃ የዘረዘረ ኢንቮይስ ሲታመቅ እጅግ ይሟሽሻል፣ ኤዲፋክት ግን አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ያን ያህል አይቀንስም፤ ልዩነቱም ይጠባል። አንድ ሁለት ዕቃ ብቻ የያዘ አጭር መልእክት ላይ ግን ዚፕ ብዙ አይረዳም።

ለእኛ አንባቢዎች ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በተለመደው ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ይሁን እንጂ ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አንድ ላይ ስለሚጽፍ ኪሳራው ሦስት እጥፍ አይደርስም፦ «ቡና» 6 ባይት ነው፣ የእንግሊዝኛው ስሙም 6። «ድሬዳዋ» 12 ባይት ስትሆን በላቲን ሲጻፍ ከነክፍተቱ 9 ነው። እውነተኛው ብክነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጄሰን የሚያዘጋጁ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል ወደ ስድስት ምልክቶች ይቀይሩታል፤ ያኔ «ድሬዳዋ» 24 ባይት ትሆናለች። ፕሮግራሙን በሚጽፈው ሰው አንዲት መስመር የሚስተካከል ነገር ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ መታለፉ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ስማችንን ከማግዘፉም በላይ ፋይሉን ከፍቶ ለሚያየው የማይነበብ ያደርገዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ከእነዚህ ቅርጾች አንዱም አይደለም። አሥር ዓይነት ዕቃ የያዘ ኢንቮይስ በኤዲፋክት ብዙውን ጊዜ ከ2 ኪሎ ባይት ብዙም አይርቅም። ያው ኢንቮይስ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበትና በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ተደርጎ ሲመጣ፣ አንዱ ኤ4 ገጽ በግራጫ ቀለም ብቻ ወደ 8.7 ሚሊዮን ነጥቦች ይይዛል፤ ለአንድ ነጥብ አንድ ባይት ሲታሰብ፣ ሳይታመቅ 8.7 ሜጋ ባይት ገደማ ማለት ነው። ታምቆም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ባይት መሆኑ የተለመደ ነው። በውስጡ ግን ኮምፒውተሩ እንደ ቁጥር የሚያነበው አንድም ነገር የለም፤ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) 60 ኪሎዋን ከሥዕሉ አይቶ ዲክላራሲዮኑ ላይ እንደገና በእጁ ይተይባታል።