ፋንግሻን፦ የቤጂንግ ታሪክ በድንጋይ የተቀመጠበት ወረዳ

ቤጂንግን ሊጎበኝ የሄደ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ወደ ሰሜን ነው፤ ታላቁ ግንብም የሚንግ ነገሥታት መቃብሮችም በዚያ በኩል ናቸውና። ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ ፋንግሻን የሚደርስ የውጭ አገር ሰው ጥቂት ነው። ይህ በጣም ያስቆጫል። ከተማዋ ከመቆርቆሯ ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች አጥንት የወጣው ከዚህ ወረዳ ነው። መነኮሳት ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል በድንጋይ ላይ ሲቀርጹት የኖሩት መጽሐፍ የሚገኘውም፣ የቤተ መንግሥቱ ነጭ እብነ በረድ የተፈለጠውም እዚሁ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋንግሻን በቤጂንግ አስተዳደር ሥር ካሉት 16 ወረዳዎች አንዱ ነው። ስፋቱ ወደ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበረው። ምሥራቁ ሜዳ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች የተሰባሰቡባት የሊያንግሺያንግ ከተማና አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች በዚያ ይገኛሉ። ምዕራቡ ተራራ ሲሆን አብዛኛው ክፍል የኖራ ድንጋይ ነው። ውሃ የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው አካባቢው በዋሻና በገደል የተሞላ ነው። ተራራው ለረጅም ዘመን ለዋና ከተማዋ የድንጋይ ከሰል ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ማዕድን ማውጫዎቹ በቅርብ ዓመታት ተዘግተው ብዙዎቹ መንደሮች ፊታቸውን ወደ እንግዳ መቀበል አዙረዋል።

የዘንዶ አጥንት ኮረብታ

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከመሬት የሚቆፈር ያረጀ አጥንት «የዘንዶ አጥንት» እየተባለ ተፈጭቶ ለመድኃኒትነት ይሸጥ ነበር። ከዡኮውዲየን መንደር አጠገብ ያለችው ኮረብታ ሎንግጉሻን፣ ማለትም «የዘንዶ አጥንት ኮረብታ» የተባለችው እንዲህ ዓይነት አጥንት ስለሚገኝባት ነው። ስዊድናዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ዮሃን ጉናር አንደርሰን ይህን ተከትሎ መጣ። በ1921 ኦስትሪያዊው ኦቶ ዝዳንስኪ ቁፋሮ ሲጀምር አንደርሰን ከአጥንቶቹ መካከል ስለታም የኳርትዝ ስብርባሪዎች አየ። ያ ዓይነት ድንጋይ በዚያ ቦታ በተፈጥሮ ሊገኝ እንደማይገባ ስለተረዳ፣ ሰው ያመጣው መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ቆይቶ ከቁፋሮው የሰው ጥርሶች ተለዩ፤ በ1927 ካናዳዊው ሐኪም ዴቪድሰን ብላክ ለፍጡሩ ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ዓለም ግን ዛሬም የሚያውቀው «የፔኪንግ ሰው» በሚለው መጠሪያ ነው፤ ፔኪንግ የቤጂንግ የቀድሞ አጠራር ነው።

ትልቁ ቀን ታኅሣሥ 2 ቀን 1929 ነበር። ብርዱ በርትቶ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ ቁፋሮው ሊቆም ተቃርቦ ሳለ የ25 ዓመቱ ፔይ ወንዦንግ አመሻሹ ላይ በሻማ ብርሃን ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ግማሹ በአፈር የተቀበረ የራስ ቅል አገኘ። አጥንቱ እርጥብና ለመሰበር የቀረበ ስለነበር ከእሳት ዳር አደረቀው፤ በጀሶ በተነከረ ጨርቅ ከጠቀለለው በኋላ በራሱ የመኝታ ልብስ ሸፍኖ ወደ ቤጂንግ ይዞት ሄደ። በ1936 ደግሞ ጂያ ላንፖ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የራስ ቅሎችን አወጣ። በአጠቃላይ ከቦታው ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ቅሪት ተገኝቷል።

ከዚያ የሆነው ግን ልብ ይሰብራል። በ1937 ጃፓን ቻይናን ስትወር ቁፋሮው ቆመ። በ1941 መጨረሻ አጥንቶቹ በሣጥን ታሽገው በአሜሪካ ወታደሮች እጅ ወደ አሜሪካ ሊጫኑ ሲሉ የፓስፊክ ጦርነት ፈነዳ፤ ሣጥኖቹም የገቡበት አልታወቀም። እስከ ዛሬ አልተገኙም። ያዳነን አስቀድሞ በጥንቃቄ የተሠራው የጀሶ ቅጂ ነው። በ1966 በተደረገ ቁፋሮ ሁለት የራስ ቅል ስብርባሪዎች ወጥተው ከጠፉት አንዱ ከነበረው ቅል ቅጂ ጋር ሲያስተያዩአቸው ልክክ ብለው ገጠሙ። ሙዚየሙን የሚጎበኝ ሰው ከሚያያቸው የራስ ቅሎች አብዛኞቹ ቅጂ መሆናቸውን አውቆ ቢገባ ጥሩ ነው፤ የቦታው ዋጋ ግን በዚህ አይቀንስም።

አጥንቶቹ በወጡበት ዋሻ የታችኛው የአጥንት ንብርብር በ2009 በታተመ ጥናት 770,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ተለክቷል። ከዚሁ ዋሻ በላይ ያለው «የላይኛው ዋሻ» እንደ እኛ ያሉ ሰዎች የኖሩበት ሲሆን የአጥንት መርፌ፣ የተበሱ የእንስሳት ጥርሶችና በሙታን ዙሪያ የተበተነ ቀይ አፈር ተገኝቶበታል። በታችኛው ዋሻ የነበሩት ሰዎች እሳት ማንደድ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ። ዩኔስኮ ቦታውን በ1987 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። አዲሱ ሙዚየም በ2014 ተከፍቷል፤ በ2018 ደግሞ ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ እንዲጠበቅ የኮረብታውን ቅርጽ የተከተለ ትልቅ የብረት ጣሪያ ለብሷል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ቦታ ሩቅ አይደለም። የፔኪንግ ሰው ሆሞ ኢሬክተስ ከተባለው ዝርያ ነው፤ በመካከለኛው አዋሽ በ1997 የተገኘው የአንድ ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የዳካ የራስ ቅልም ከዚያው ዝርያ ይመደባል። በዡኮውዲየን ግኝት ሰሞን ብዙ ሊቃውንት የሰው ዘር መነሻ እስያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሐሳባቸውን ወደ አፍሪካ ካዞሩት ግኝቶች መካከል በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ትጠቀሳለች። በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጡሬም ከአዲስ አበባ የሚርቀው ዡኮውዲየን ከቤጂንግ የሚርቀውን ያህል ነው፤ ሁለቱም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው።

የድንጋይ መጻሕፍት

ለእኔ ከወረዳው ሁሉ የሚበልጠው የዩንጁ ገዳም ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን መነኮሳት የቡድሃን መጻሕፍት ያቃጠሉና ገዳማት ያፈረሱ ነገሥታትን አይተው ነበር። ጂንግዋን የተባለ መነኩሴ ወረቀት ይቃጠላል፣ ድንጋይ ግን ይቀራል ብሎ በሱይ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ቅዱሳት መጻሕፍቱን በሙሉ በድንጋይ ሰሌዳ ላይ መቅረጽ ጀመረ። በተራራው ላይ ዋሻ ይፈለፍላል፤ ሰሌዳዎቹን ይደረድራል፤ ዋሻው ሲሞላ በሩን በድንጋይ ዘግቶ በብረት ያሽገዋል። የሱይ ንግሥት ሐር ለገሰችው፤ ሌሎችም እሷን ተከተሉ። እርሱ ሲሞት ደቀ መዛሙርቱ፣ እነርሱም ሲያልፉ የደቀ መዛሙርቱ ደቀ መዛሙርት ሥራውን ቀጠሉ። በ730 ልዕልት ጂንሺየን ወንድሟን ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግን ለምና ለቅርጽ ሥራው ምሳሌ የሚሆኑ ከ4,000 በላይ ጥቅል መጻሕፍት አስላከች። ሥራው ከሱይ እስከ ሚንግ ስድስት ሥርወ መንግሥታትን ተሻግሯል።

ዛሬ የተቆጠሩት ሰሌዳዎች 14,278 ናቸው። ከእነዚህ 4,196ቱ ሺጂንግ ሻን በተባለው ተራራ ላይ በሚገኙ ዘጠኝ ዋሻዎች ውስጥ ተቀምጠዋል። ሌይዪን የተባለው ዋሻ ክፍል የሚመስል ሲሆን 146 ሰሌዳዎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ ጣሪያውን የተሸከሙት አራት የድንጋይ ምሰሶዎች ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን የቡድሃ ምስሎች ተሸፍነዋል። ምስሎቹ 1,056 ናቸው።

የቀሩት 10,082 ሰሌዳዎች በገዳሙ ግቢ መሬት ሥር ተቀብረው ቆይተው በ1957 ወጡ። ለመጋዘን ሲባል ከምድር በላይ ሲቀመጡ ግን አየሩ ፊታቸውን ይበላው ጀመር። ስምንት መቶ ዓመት ያህል በአፈር ውስጥ ደህና የነበረ ጽሑፍ በጥቂት አሥርት ዓመታት መደብዘዝ ሲጀምር አስተዳዳሪዎቹ የጥንቱን መነኮሳት መንገድ መረጡ። መስከረም 9 ቀን 1999 ሰሌዳዎቹ ናይትሮጅን በተሞላ የታሸገ የምድር ቤት ውስጥ ተመልሰው ገቡ። ጎብኚው የሚያያቸው በመስታወት መስኮት አሻግሮ ነው። ለቅርስ ጥበቃ ሲባል ከዓይን መሰወር ብዙ ጊዜ ያስከፋል፤ እዚህ ግን ከሥራው መንፈስ ጋር ይስማማል።

ገዳሙ በጃፓን ጦር ድብደባ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ፓጎዳ ከሚባሉት የቡድሃ እምነት ማማዎቹ የደቡቡ ፈርሶ እንደገና የተሠራ ነው። የሰሜኑ ማማ ከሊያዎ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተረፈ ሲሆን በአራቱ ማዕዘን ከእርሱ የሚቀድሙ የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ትናንሽ ማማዎች ቆመዋል።

በተራራ ላይ ያለ መስቀል

በዡኮውዲየን አካባቢ በሚገኝ ቼቻንግ በተባለ መንደር «የመስቀል ቤተ መቅደስ» የሚባል ፍርስራሽ አለ። በሥፍራው የቀሩት ሁለት የተጻፈባቸው ሐውልቶችና የመሠረት ድንጋዮች ብቻ ናቸው። ነገር ግን ከዚህ ቦታ የወጡ ሁለት የተቀረጹ ድንጋዮች ላይ መስቀል አለ፤ በአንደኛው ዙሪያ ደግሞ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ «ወደ እርሱ ተመልከቱ፥ በእርሱም ተስፋ አድርጉ» የሚል ቃል በሱርስጥ ተጽፏል። የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሞንጎሎች ዘመን እዚህ ድረስ መድረሳቸውን ከሚመሰክሩ ጥቂት ቅርሶች አንዱ ነው። ድንጋዮቹ ዛሬ ናንጂንግ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ወደ ቦታው የሚሄድ ሰው ብዙ የሚታይ ነገር አይጠብቅ፤ በየቀኑ ዳዊት የሚደግም ሰው ግን ያችን አንዲት ጥቅስ አስቦ እንኳ ቢሄድ አይጸጸትም።

ነጩ እብነ በረድ

በወረዳው ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የምትገኘው ዳሺዎ የጥንት የድንጋይ ማውጫ ናት። ከዚያ የወጣው ነጭ እብነ በረድ በቤጂንግ ያለው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ደረጃዎችና መከታዎች የተሠሩበት ነው። ትልልቆቹ ድንጋዮች እንዴት እንደተጓጓዙ በ2013 የታተመ ጥናት የጥንት ሰነድ ጠቅሶ ያስረዳል። በ1557 ርዝመቱ 9.5 ሜትር፣ ክብደቱ 112 ቶን ገደማ የሆነ ድንጋይ በብርዱ ወራት በበረዶ መንገድ ላይ በሸርተቴ እየተጎተተ 70 ኪሎ ሜትሩን በ28 ቀን ጨረሰ። በመንገዱ ዳር በየግማሽ ኪሎ ሜትሩ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ይቀዳና በመንገዱ ላይ ይፈስሳል፤ ሲረጋ ያንሸራትታል። የቻይና ሰው ጎማ ያለው ጋሪ ያኔ አጥቶ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለ ሸክም ጋሪውን ስላላመነው ነው።

ዋሻና ወንዝ

ሺሁዋ፣ ማለትም «የድንጋይ አበባ» ዋሻ፣ በ1446 አንድ ተጓዥ መነኩሴ ያገኘው ሲሆን ብዙ ፎቅ ያለው ነው። ከጣሪያው እየተንጠባጠበ የረጋው ኖራ በየዓመቱ እንደ ዛፍ ቀለበት ስስ ንብርብር ስለሚጨምር የቻይና ተመራማሪዎች ከወለሉ ወደ ላይ ካደገ አንድ የኖራ ዘንግ የ2,650 ዓመት የሞቃት ወራት ሙቀት ታሪክ አንብበውበታል።

ሺዱ ማለት «አሥር መሻገሪያ» ነው፤ ድልድይ ሳይሠራ በፊት መንገደኛ የጁማን ወንዝ አሥር ጊዜ በእግሩ ይሻገር ስለነበር የተሰጠ ስም ነው። ወንዙ ቀጥ ባሉ ገደሎች መካከል ይጥመዘመዛል፤ ከቤጂንግ ቤተሰቦች ቅዳሜና እሑድ እየመጡ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ይህ አካባቢ ከዋሻዎቹ ጋር በ2006 በዩኔስኮ ድጋፍ በሚታወቀው የዓለም ጂኦፓርኮች መረብ ገብቷል።

በሜዳው በኩል ሊዩሊሄ ላይ የ3,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የያን መንግሥት መዲና ፍርስራሽና ሙዚየም አለ። ቤጂንግ ልደቷን የምትቆጥረው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው፤ ጽሑፍ ያለባቸው የነሐስ ዕቃዎችም ወጥተውበታል። በተራራው ሥር ደግሞ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ቻይናን የገዙት የጂን ነገሥታት መቃብር ይገኛል። ሚንጎች በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መቃብሩን አፈራረሱት፤ ከሰሜን የተነሱባቸው ማንቹዎች የጂን ዘር ነን ይሉ ስለነበር የአባቶቻቸውን የመቃብር መንፈስ መስበር ጠላትን ያዳክማል ብለው ነው። ማንቹዎቹ ግን በ1644 ቤጂንግ ገቡ።

ወደ ፋንግሻን ለመሄድ ከከተማው የሚነሳው የፋንግሻን የምድር ባቡር መስመር ከ2010 ጀምሮ ይሠራል፤ ከእርሱ የሚቀጥለው የያንፋንግ መስመር በ2017 ሥራ የጀመረ ያለ ሹፌር የሚሄድ ባቡር ነው። ዡኮውዲየን፣ ዩንጁና ሺዱ ግን ከባቡር ጣቢያ ስለሚርቁ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱን የመጀመሪያ ቦታዎች በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፣ ሦስቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን ጥድፊያ ነው። ጥሩው ወቅት ሚያዝያና ግንቦት፣ ደግሞም መስከረምና ጥቅምት ነው። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ዝናቡ አደገኛ ነው፦ ሐምሌ 21 ቀን 2012 በወረዳው ባለችው ሄቤይ በተባለች ከተማ 460 ሚሊ ሜትር ዘንቦ በመላው ቤጂንግ 79 ሰዎች ሞቱ፣ በ2023 ክረምትም የጁማ ወንዝ ሞልቶ የሺዱን መንገዶች ጠራርጎ ወሰደ። በእነዚያ ሳምንታት የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የተራራው መዝናኛዎች ክፍት መሆናቸውን ያጣራ።